ፕላስቲክ የሚያጠጣው ሰው

ሠላሳ አንድ ዓመት አበባ ሲያበቅል ለኖረ ሰው ጡረታ ሲወጣ ምን ይሰጡታል? የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች መልስ አላጡም፤ የፕላስቲክ አበባ ሰጡት።

ያውም በሚብረቀረቅ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ ቀይ ጥብጣብ ታስሮበት። የክፍሉ ኃላፊ ቆሞ ንግግር አደረገ፤ «እንደዚህ አበባ ሳይደርቁ ይኑሩልን» አለ፤ ሰው አጨበጨበ። ቡቃያ ጎንበስ ብሎ ተቀበለ። እንደ ልማዱ ቅጠሉን በአውራ ጣቱ ሲዳስሰው በደንብ ያልተቆረጠው የፕላስቲክ ጠርዝ ቧጨረው። ከእሾህ ጋር ተስማምቶ የኖረ እጅ በመጨረሻው የሥራ ቀን በፕላስቲክ ደማ። እሱም ሳቀ፤ ምን ያድርግ።

ቡቃያ ስሙ አይደለም። ሥራ በጀመረ ሰሞን ዘር ብቅ ባለ ቁጥር «ቡቃያ! ቡቃያ!» እያለ ሰው ሲጠራ የሰሙ ጓደኞቹ ያወጡለት ቅጽል ነው። ዛሬ ፀጉሩ ነጭቶ፣ ጉልበቱ ሲቆምም ሲቀመጥም እየተንቋቋ፣ የፎቁ ሰው ሁሉ ጋሽ ቡቃያ ይለዋል። እኛ ታሪኩ ስለሚረዝምብን «ጋሽ»ን እንተወው፤ እሱ እንደሆነ ቅር የሚለው ሰው አይደለም።

ያን ሁሉ ዓመት የሠራው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ከተማው መሀል ያለ ክብ አደባባይ። መኪናው ጥሩምባውን እየነፋ ዙሪያውን ይሽከረከራል፣ እሱ መሀሉ ላይ ተንበርክኮ ይኮተኩታል። ዝናብ ሲመጣ ደስ ይለዋል፣ ሰው ሲረግጥበት ይሳደባል፣ ሲመሽ ደግሞ ግማሹን አደባባይ በጫማውና በኪሱ ይዞ ቤቱ ይገባል።

ሚስቱ ስጦታውን ስታይ ፊቷ በራ። «ይኸውልህ! አበባ ማለት እንዲህ ነው!» አለች። «ትል የለው፣ ጭቃ የለው፣ ውሃ አምጡ አይል። እስከ ዛሬ የት ነበርክ በሉት!»

አትፍረዱባት። እሱ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲቆፍር እሷ ሠላሳ አንድ ዓመት አጥባለች። ከካልሲው አፈር፣ ከኮሌታው አፈር፣ ከአንሶላው አፈር። አንድ ጊዜ እንዲያውም ትራሱ ሥር የሽንኩርት ራስ የመሰለ የአበባ ሥር አግኝታ፣ ከትፋ ወጥ ውስጥ ጨምራዋለች፤ ቤተሰቡ ሁለት ቀን ሆዱን ይዞ ተኛ። ስለዚህ ጡረታ ወጥቶ ወደ አራተኛ ፎቅ የተዛወሩ ዕለት በሩ ላይ ቆማ ሕግ አወጣች። «አፈር ለመጨረሻው ቀን ይደርስብናል» አለች። «እስከዚያ ግን በዚህ በር አትገባም!» ቡቃያም እሺ አለ። ደክሞት ነበር።

ነገሩ በዚያች ስጦታ ቢቆም ጥሩ ነበር። የፕላስቲክ አበባ አይራባም ያለው ማን ነው? በወሩ ቴሌቪዥኑ ላይ ጽጌረዳ፣ ማቀዝቀዣው ላይ የሱፍ አበባ፣ የመታጠቢያ ቤቱ መስታወት ሥር ሦስት ነጫጭ አበቦች ብቅ አሉ። መጋረጃ መስቀያው ላይ የተዘረጋው ሐረግ የእንግዳ ፀጉር ሳይጎትት አያሳልፍም። ጠረጴዛው መሀል ደግሞ የወይን ዘለላ ተቀመጠ። አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ጨዋታ እያዳመጡ አንዷን ፍሬ ቀንጥሰው አፋቸው ውስጥ ከተቱና፣ መትፋቱ ነውር ሆኖባቸው፣ ተሰናብተው እስኪወጡ ድረስ በጉንጫቸው ይዘዋት ቆዩ። ዘለላው እስከ ዛሬ አንድ ፍሬ ይጎድለዋል።

ሚስቱ አንድ ዘዴም ነበራት፤ የዋጋውን ወረቀት ከአበባው ላይ አትቆርጥም። እንግዳ ሲመጣ ወረቀቱን ወደ እንግዳው ታዞራለች። «ይኼ እንኳ ከውጭ የመጣ ነው» ስትል ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ የቀረውን ወረቀቱ ይናገራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁሉንም ሰብስባ፣ በገንዳ ሙሉ የሳሙና ውሃ አናታቸውን እየነከረች ታጥባቸዋለች። ቆጥራ ታወጣለች፣ ቆጥራ ትመልሳለች። ስልሳ ሁለት ነበሩ።

ቡቃያ በዚህ ሁሉ መሀል፣ ላስቲኩ ባልተነሣለት ሶፋ ላይ ተቀምጦ ይውላል። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶታል።

በስድስተኛው ወር አደባባዩ ሊታደስ ነው የሚል ወሬ ደረሰው። ሮጦ ሄደ። ሲደርስ መቆፈሪያ ማሽኑ ግማሹን ገልብጦታል። በቦታው የሚነጠፈው የፕላስቲክ ሣር እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ዳር ላይ ተደርድሯል፤ አጠገቡ አረንጓዴ መብራት የሚያበሩ የብረት ዘንባባዎች ተጋድመዋል። «ውሃ አይፈልግ፣ ሠራተኛ አይፈልግ፣ ተገላገልን!» አለው ተቆጣጣሪው፣ ከማን ጋር እንደሚያወራ ሳያውቅ። ቡቃያ ከተገለበጠው አፈር ውስጥ ጄራኒየም የሚሉትን ቀይ አበባ አየ። የመጀመሪያ ደመወዙን በተቀበለበት ወር ተክሎ፣ እየቆረጠ እያባዛ ሠላሳ አንድ ዓመት ያቆየው ዘር ነው። ከጫፉ አንድ ጣት የሚያህል ቆረጠና የኮቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተተው። አለቀሰ ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ አለቀሰ፤ አውቶቡስ ውስጥ፣ ወደ መስኮቱ ዞሮ።

ያቺን ቁራጭ ከፎቁ ጥበቃ ክፍል ጀርባ በጣሳ ተክሎ ሥር አስያዛት። አበባ ስትሰጥ ግን ጥበቃው ሲጋራውን ጣሳው ውስጥ ማጥፋት ጀመረ። ከዚህ በኋላ ቤት ከማስገባት ሌላ መንገድ አልነበረም። ቡቃያ ሦስት ቀን አሰበበት። ከዚያ ሸክላ ማሰሮ ገዝቶ አዛወራት፣ አፈሩን በነጭ ጠጠር ሸፈነው፣ ከቴሌቪዥኑ ጽጌረዳ ላይ የዋጋውን ወረቀት በጥሶ አንገቷ ላይ አንጠለጠለላት። በጠራራ ፀሐይ፣ በዋናው በር ይዟት ገባ።

«ገዛሁልሽ» አለ።

ሚስቱ ደነገጠች። በአርባ ዓመት ትዳር ሳይጠየቅ የገዛላት የመጀመሪያው ነገር ነው። ቅጠሉን አላየችም፤ ወረቀቱን አነበበች። «ከውጭ ነው?»

«ከሩቅ ነው።»

«ያስታውቃል!» አለችና መስኮቱ ላይ አስቀመጠቻት፣ የፊት ለፊት ፎቅ ሰዎች እንዲያዩዋት። ቡቃያም የሚፈልገው ፀሐዩን ነበርና ሁለቱም ደስ አላቸው። ስልሳ ሦስት ሆኑ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውዬው ሥራ አገኘ። ጎህ ሲቀድ፣ ሚስቱ ሳትነቃ ይነሣል። ጠጠሩን ገለጥ አድርጎ ትንሿን ጣቱን አፈሩ ውስጥ ይሰዳል፤ ደረቅ ከሆነ አንድ ኩባያ ውሃ ያጠጣል። ቢጫ የሆነ ቅጠል፣ የጠወለገ አበባ ካለ በጥፍሩ ቀንጥሶ ኪሱ ይከታል። ቅዳሜ ሲደርስ ግን ነፍሱ ትጨነቃለች። ሚስቱ ያቺንም እንደ ሌሎቹ ዘቅዝቃ፣ ጠጠሩን በመዳፏ ደግፋ፣ አናቷን የሳሙና ውሃው ውስጥ ስታጠልቅ እሱ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ይጸልያል። ጉድ እኮ ነው፤ ሳሙናው ቅጠሏ ሥር የሚርመሰመሱትን ጥቃቅን ተባዮች ጠርጎላት እንዲያውም ወዛች። «ይኼኛው ቀለም አይለቅም!» ትላለች ሚስቱ። «ዕቃ ማለት ይኼ ነው።»

አንድ ቀን ግን ዓይኗን አጥብባ አየቻት። «ይቺ አምና ከዚህ አታንስም ነበር?»

«ስትታጠብ ተለጥጣ ነው» አለ ቡቃያ። «ሹራቤስ አልተለጠጠም?»

አመነችው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የቡቃያ ውሸት ግን እያደር ቅጠል አወጣች። ሁለት ዓመት ሞላት። ሚስቱ ለፎቁ ሰው ሁሉ፣ ከምድር ቤት እስከ ስድስተኛ፣ «የውጭዋን» አሳይታ ጨርሳለች። ሁለት ጎረቤቶች ዓይነቷን ፍለጋ ከተማውን ዞረው ዞረው አጥተው ተመልሰዋል።

እንግዲህ እታለም የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው። እታለም የሚስቱ ታላቅ እህት ናት፤ ከቤተሰቡ አልፎ ጎረቤቱም እታለም ነው የሚላት። የቤቱ ቁልፍ አላት፣ ማንኳኳት አታውቅም። አንድ ማለዳ በሩን ከፍታ ስትገባ ቡቃያ ኩባያውን ማሰሮው ላይ ዘንብሎ አገኘችው።

ቡቃያ ክው አለ። አንዷን ብቻ ሲያጠጣ ከታየ አንዷ ብቻ ትጠረጠራለች። ስለዚህ ፊቱን ሳያዞር፣ የቆየ ልማድ እንዳለው ሰው፣ ወደሚቀጥለው ተሻገረ፤ ጽጌረዳውን አጠጣ። ማቀዝቀዣው ላይ ያለውን የሱፍ አበባ አጠጣ፤ ውሃው በበሩ ላይ ወረደ። የወይኑን ዘለላ ሳይቀር ጠብ ጠብ አደረገበት።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለች እታለም።

«አበባ እያጠጣሁ።»

እታለም አፏን በእጇ ያዘች። ቀስ ብላ ወደ ኋላ ሄደች፣ ቀስ ብላ በሩን ዘጋች፣ ከዚያ ደረጃውን በሩጫ ወረደች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ቡቃያ አእምሮውን መሳቱን ከራሱ በቀር ያልሰማ አልነበረም። ነርስ የሆነችው ልጁ ማስታወሻ ደብተር ይዛ ከሥራ ቦታዋ መጣች። ሚስቱና እታለም ግራና ቀኝ ተቀመጡ።

«አባዬ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድነው?»

«ማክሰኞ።»

«እኔስ ማን ነኝ?»

«እሱን እናትሽን ጠይቂያት፤ በደንብ የምታውቀው እሷ ናት» አለ፣ ሊያስቃቸው። ማንም አልሳቀም። ልጅቷ ጻፈችው።

«አባዬ፣ እነዚህ አበቦች... ሕይወት አላቸው?»

ቡቃያ በልቡ አሰላ። የላቸውም ቢል፣ ታዲያ ለምን ታጠጣለህ ሊሉት ነው። አንዷ ብቻ አላት ቢል፣ ያቺ አንዷ ከነማሰሮዋ በመስኮት መውረዷ ነው። ሚስቱም ብትሆን ሁለት ዓመት ሙሉ የአደባባይ ጄራኒየም «ከውጭ የመጣ» እያለች ፎቁን ስታስጎበኝ መኖሯ ይወጣል፤ ከእንግዲህ በደረጃው ላይ ቀና ብላ አትወጣም። ወደ መስኮቱ ተመለከተ። ከሠላሳ አንድ ዓመት የቀረው ያቺ ነበረች።

«አላቸው» አለ።

የልጅቷ እስክሪብቶ ቆመ። እታለም «አላልኳችሁም?» አለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እታለም ደግሞ ከሁለቱም ትብሳለች። ፍርዱ ተሰጠ፤ አባዬን መቃወም አይገባም፣ የፈለገውን ያድርግ፣ እሺ በሉት።

መጀመሪያ ላይ ሎተሪ የወጣለት መሰለው። ከእንግዲህ መደበቅ የለም። ጠዋት ጠዋት ሚስቱ ራሷ ጆጉን ሞልታ ታቀርብለታለች። ችግሩ ስልሳ ሦስቱንም ማጠጣት አለበት። ወለሉ ይርሳል፣ መጋረጃው ይንጠባጠባል፤ እሷ ከኋላው እየተከተለች ያለ አንዲት ቃል ትወለውላለች። «ይኼኛው አድጓል አይደል?» ትለዋለች የፕላስቲኩን ነጭ አበባ እያሳየች። ድምፅዋ ለሕፃን የሚሆን ዓይነት ነው።

ቡቃያ ይኼን ድምፅ አያውቀውም። አርባ ዓመት የኖረው ከሌላ ድምፅ ጋር ነው። ሊፈትናት ካልሲውን ሶፋው ላይ ጣለ፤ አንሥታ ወሰደችው። ማንኪያ ጣለ፤ «አይዞህ» አለችው። ሰው ቁጣ ይናፍቀዋል ወይ? በጣም ይናፍቀዋል። ያን ሰሞን ቡቃያ «አንተ ሰውዬ!» የምትለው ሴት ናፍቃው ቤቱ ባዶ ሆኖበት ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከወጥ ቤቱ በስልክ ስታወራ ሰማት።

«እታለም፣ አፈር ስሆን ለሌላ ሰው እንዳትነግሪ። ካልሲውን ሶፋዬ ላይ ጣለው፤ ልጮህበት ፈለግሁ፣ ድምፄ እምቢ አለኝ። ሰውዬዬ ዓይኔ እያየ እየሄደብኝ ነው። ያን ሁሉ ዓመት አፈር አፈር እያልኩ አንገበገብኩት። ምነው በተውኩት! ፕላስቲክ ሲያጠጣ ከማይ፣ ቤቱን ጭቃ በጭቃ ቢያደርገው ይሻለኝ ነበር።»

ቡቃያ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ከራሱ ጋር ተጣላ። አንዲት ጄራኒየም ላትርፍ ብሎ ሴትዮዋን እያደረቃት ነው። ስልኩን እስክትዘጋ ጠበቀና ገባ።

«አንቺ ሴትዮ፣ እኔ አላበድኩም።»

ከዚህ የባሰ አጀማመር የለም። «አላበድክም፣ የኔ ጌታ» አለችው ዓይኗን እየጠረገች።

«ቀይዋ የእውነት ናት።»

«አዎ፣ የእውነት ናት። ሁሉም የእውነት ናቸው።»

እጇን ይዞ ወደ መስኮቱ ወሰዳት። ቅጠሏን አሽቶ አፍንጫዋ ሥር አደረገላት። «አሽትቻት!»

አሸተተች። «ሎሚ ሎሚ ይላል። ትናንት የቤት ሽቶ ረጭቼባት ነው።»

ግንዷን ሰበር አድርጎ የሚወጣውን ውሃ አሳያት። «አሁን አሁን የሚሠሯቸው እንደዚህ ናቸው፤ እንክት አድርገው ነው የሚያስመስሉት» አለችው በርኅራኄ። ከዚያም የተንጠለጠለውን ወረቀት በጣቷ ነካ አደረገችና እንባዋ መጣ። «ወረቀቱ አለባት እኮ፣ የኔ ጌታ።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ቡቃያ ግን አንድም ቀን ማሳደር አልፈለገም። የቀረው ማስረጃ አንድ ነው፤ ሥሯ። በሙሉ አበባዋ ላይ ያለች ተክል ስትነቀል ምን እንደምትሆን ከሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። አበባዋን አየ። የሚስቱን ዓይን አየ። ከዚያ ግንዷን ከሥሩ ጨብጦ ሳበ።

አፈሩ ምንጣፉ ላይ ተበተነ። ነጭ ጠጠሩ ሶፋው ሥር ተንከባለለ። ቡቃያ ነጫጭ ሥሮቿን አንጠልጥሎ ቆመ፤ ከሥሮቹ መሀል አንድ ወፍራም የምድር ትል ወርዶ ምንጣፉ ላይ ተጠማዘዘ።

«አፈር!» ብላ ጮኸች ሚስቱ። በአርባ ዓመቱ ድምፅ ነው የጮኸችው። «በምንጣፌ ላይ! አንተ ሰውዬ፣ እግዜር ይይልህ...» አለችና ዓይኗ ትሉ ላይ ደርሶ ቆመ። «ይኼ ይንቀሳቀሳል።»

«ትል ነው።»

«ቤቴ ውስጥ?»

«ሁለት ዓመቱ።»

መሬት ላይ ቁጭ አለች። «አላበድክማ?» አለች።

«አላበድኩም።»

«እኔ ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሳሙና ሳጥባት...»

«ተስማምቷታል።»

የአቧራ መጥረጊያውን አንሥታ ትከሻውን አንዴ መታችው፣ ደገመችው። ሦስተኛውን ልትመታ አንሥታ በዚያው ትከሻው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ከዚያ ቀና ብላ «ምን ቆመህ ታየኛለህ፣ መልሳት እንጂ! ልትሞት አይደል?» አለች። ሁለቱም ተንበርክከው አፈሩን ከምንጣፉ ላይ በእጃቸው ሰበሰቡ። ትሉን እሷ ናት ያነሣችው፣ በሁለት ጣት፣ ፊቷን አዙራ።

ተክሏ ግን ታመመች። በሦስተኛው ቀን አበባዋ ረገፈ፤ በሳምንቱ ቅጠሏ ቢጫ ሆነ። ሚስቱ ጠዋት ጠዋት ከአልጋዋ ሳትወርድ «ዛሬስ?» ትለዋለች። «እንጃ» ይላታል። ውሸት አስጠልቶት ነበርና አያጽናናትም። ቅዳሜ ስልሳ ሁለቱን ብቻ አጥባ መለሰች። የዋጋውን ወረቀት በመቀስ ቆርጣ ጣለችው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከደረቀው ግንድ ጎን የምስር ፍሬ የምታህል አረንጓዴ ነገር ብቅ አለች። ያየቻት ሚስቱ ናት። «ቡቃያ!» ብላ ጠራች፤ ባሏን ይሁን ተክሏን ባይታወቅም እሱ እየሮጠ መጣ። ጎን ለጎን ጎንበስ ብለው፣ እሷ በትንሿ ጣቷ አፈሩን እየለካች ሳለ፣ በሩ ተከፈተ።

እታለም በሽተኛውን ልትጠይቅ መምጣቷ ነው። አጎንብሰው ስታያቸው ቀረብ ብላ ማሰሮውን ተመለከተች። ራቁቱን የቀረ ግንድ፣ ሁለት የተጨማደዱ ቅጠሎች። ከንፈሯን መጠጠች።

«ይቺን ደግሞ ከየት አመጣችኋት? እንደ ሌሎቹ እንኳ አይደለችም፤ የውሸት መሆኗ ከሩቅ ያስታውቃል። ስንት ገዛችኋት?»

ሚስቱ ቀና አለች። ጥፍሯ ውስጥ አፈር አለ፤ አልደበቀችውም።

«አልገዛናትም፣ እታለም። የእውነት ናት» አለች። «ውሃ ነው የምትጠጣው።»

እታለም አንዴ እሷን፣ አንዴ ባሏን አየች። ቀስ ብላ ወደ ኋላ ሄደች፣ ቀስ ብላ በሩን ዘጋች። ከደረጃው ላይ በስልክ ስትናገር ድምፅዋ እስከ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር።

«ልጄ፣ ያለሽበትን ትተሽ ነይ። እናትሽንም ጀመራት።»